ውዱ ሞኒተር ወይስ ርካሹ? እህቴ ለገና ትመጣለች

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ዕድሜዬ 27 ነው፤ የምኖረው ጀሞ ነው። ቀን ቀን ቤቴ ሆኜ ለዩቲዩብ ቻናሎች ቪዲዮ ኤዲት አደርጋለሁ፤ የአማርኛ ሰብታይትልም እጽፋለሁ። ማታ ማታ ጌም እጫወታለሁ፦ ፎርዛ ሆራይዘን 5፣ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ቫሎራንት። ኮምፒውተሬ ላይ ያለው የግራፊክስ ካርድ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋ ነው፤ ሞኒተሬ ግን የድሮ 24 ኢንች፣ 1080ፒ ነው። ሜሪላንድ ያለችው ታላቅ እህቴ ለገና ስትመጣ «ሞኒተር አመጣልሃለሁ፣ የምትፈልገውን ምረጥ» ብላኛለች። ሁለት ላይ ቆሜያለሁ። አንደኛው የኤሊየንዌር 34 ኢንች ኦሌድ አልትራዋይድ (በጎኑ በጣም ሰፊ) ነው፤ 800 ዶላር አካባቢ አግኝቼዋለሁ። ሁለተኛው የጊጋባይት ወይም የሻዮሚ 34 ኢንች ከርቭድ ሲሆን ከ300 ዶላር ትንሽ ከፍ ይላል፤ ፓነሉ ኦሌድ ሳይሆን ቪኤ የሚባለው ዓይነት ነው። ዩቲዩብ ላይ የማየው ሰው ሁሉ «ኦሌድ ያየ ዓይን ወደ ሌላ አይመለስም» ይላል። እህቴ 800 ዶላር ለመክፈል አታመነታም፤ እኔ ግን እንዴት እንደምትሠራ ስለማውቅ ከብዶኛል። በሌላ በኩል ርካሹን አስመጥቼ ቢቆጨኝስ? — ግራ የገባው፣ ከጀሞ

መልስ፦

ወንድሜ፣ ርካሹን አስመጣ። ከርካሾቹ መካከልም የትኛውን እንደምትመርጥ፣ ከየትኛው እንደምትሸሽና ሳይሰበር ጀሞ እንዴት እንደሚደርስ አብረን እናያለን። 300 ዶላርም ቢሆን የእህትህ ላብ ነውና በዘፈቀደ አይወጣም።

ዩቲዩበሮቹ ስለ ኦሌድ የነገሩህ ውሸት አይደለም። ኤሊየንዌር ይህን 34 ኢንች ኪውዲ-ኦሌድ (የኦሌድ አንዱ ዓይነት) መጀመሪያ ያወጣው በ2022 ሲሆን ዋጋው 1,299 ዶላር ነበር፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ ደግሞ ቀለል ያለውን ሞዴል በ1,099 ዶላር አስከተለ። ኦሌድ ከኋላው የሚያበራ መብራት የለውም፤ እያንዳንዱ ፒክሰል ራሱ ይበራል፣ ራሱ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቁር ሲባል የምር ጥቁር ነው። ፎርዛ ላይ ሌሊት ስትነዳ የፊት መብራትህ ካረፈበት ውጭ ያለው ሁሉ ድቅድቅ ይላል፤ ከፊትህ የሚሄደው መኪና የኋላ መብራት እንደ ፍም ይቀላል። ከአንድ ቀለም ወደ ሌላው ለመቀየር የሚፈጅበት ጊዜም ከአንድ ሚሊሰከንድ በጣም ያነሰ ስለሆነ የሚሮጥ ነገር ከኋላው ጥላ አይጎትትም። ለጌም ብቻ የሚሆን፣ ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የሚቀመጥ፣ ሻጩም በቅርብ የሚገኝ ቢሆን ኖሮ ያለምንም ማቅማማት ኦሌዱን ውሰድ እልህ ነበር።

ያንተ ሁኔታ ግን ሌላ ነው፤ ደብዳቤህን ሳነብ ካርድህን፣ ሥራህንና የምትኖርበትን ቦታ አንድ ላይ ነው ያየሁት።

ከሥራህ ልጀምር። ኦሌድ አንድ ዓይነት ምስል ለረጅም ጊዜ በአንድ ቦታ ቆሞ ሲቀር ይጎዳል፤ እነዚያ ፒክሰሎች ከሌሎቹ ቀድመው ስለሚያረጁ ሌላ ነገር ስትከፍትም የድሮው ቅርጽ በስሱ ይታያል። በርን-ኢን የሚሉት እሱን ነው። አሁን የኤዲቲንግ ሶፍትዌርህን ክፈትና እየው። ከታች ታይምላይኑ፣ በስተግራ የፋይሎቹ ሳጥን፣ በስተቀኝ የድምፅ መለኪያው፣ ከሁሉም በታች የዊንዶውስ ታስክባር። እነዚህ ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ካሉበት ንቅንቅ አይሉም። ማታ ጌም የሚጫወት ሰው ሜኑው፣ ካርታው፣ ትዕይንቱ ስለሚለዋወጥለት ያን ያህል አይፈራም፤ ለአንተ ግን አደጋው ከጌሙ ይልቅ እንጀራህ ላይ ነው ያለው።

አምራቾቹ ይህን ስለሚያውቁ መከላከያ አበጅተዋል። ሞኒተሩ ለአራት ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ስታንድባይ ሲገባ ፒክሰል ሪፍሬሽ የሚባል ጥገና ለራሱ ያካሂዳል፤ ጥቂት ደቂቃ ይፈጅበታል። በየ1,500 ሰዓቱ ገደማ ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል የሚወስድ ጠለቅ ያለ ጥገና አለ። ሁለቱም የሚከናወኑት ማያው ጠፍቶ፣ ገመዱ ግን ሶኬት ላይ እንዳለና መብራት ሳይቋረጥ ነው። እዚህ አገር ብዙዎቻችን ስንተኛ ምን እናደርጋለን? ዲቫይደሩን እናጠፋለን። ያጠፋነው መብራት ሄዶ ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥልብን ነው፤ ልማዱም ትክክል ነው። ኦሌዱ ግን ጥገናውን የሚያካሂድበትን ሰዓት ያጣል። ባታጠፋው እንኳ ጥገናው መሃል ላይ መብራት ሊሄድ ይችላል። ይህን ነገር የአሜሪካ ዩቲዩበር አይነግርህም፤ እሱ ቤት መብራት አይሄድማ።

ዋስትናውም እንዲሁ ነው። የኤሊየንዌር ባለቤት ዴል ለዚህ ኦሌድ በርን-ኢንን ጨምሮ የሦስት ዓመት ዋስትና ይሰጣል፤ አሜሪካ ለሚኖር ሰው የዋጋው ግማሽ ጥቅም እሱ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ሰዎች ያለ ሐሳብ የሚገዙትም ለዚህ ነው። ጀሞ ላይ ሆነህ ግን በሁለተኛው ዓመት የታይምላይንህ ቅርጽ ማያው ላይ ቢቀር፣ ያንን ትልቅ ሣጥን ወደ ሜሪላንድ የሚመልስልህ ማነው? 800 ዶላር ከፍለህ የምትወስደው ማያውን ብቻ ነው፤ ዋስትናው እዚያው ይቀራል።

ሌላው ጽሑፍ ነው። ሰብታይትል ለሚጽፍ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በተለመደው ሞኒተር ላይ በእያንዳንዱ ፒክሰል ውስጥ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጎን ለጎን ይሰለፋሉ፤ ዊንዶውስም ፊደል የሚያለሰልሰው ይህን አሰላለፍ ታሳቢ አድርጎ ነው። በዚህ ኪውዲ-ኦሌድ ላይ ግን ሦስቱ በሦስት ማዕዘን ቅርጽ ነው የተቀመጡት። ስለዚህ በፊደሉ የላይና የታች ጠርዝ ላይ አረንጓዴና ሐምራዊ መሰል ቀለም ይታያል። የላቲን ፊደል ላይ ብዙ ሰው ይለምደዋል። የእኛን ፊደል ግን አስበው፤ «ቿ» እና «ጯ» ከታች የምትዘረጋ ቀጭን መስመር አላቸው፣ «ሕ» እና «ሐ»ን የሚለያቸው አንዲት ትንሽ ስባሪ ናት። በ12 ነጥብ መጠን የተጻፈ አማርኛ ለዓይን ቀድሞም ጥብቅ ያለ ነው። ስምንት ሰዓት ሙሉ በቀለም የተከበበ ጠርዝ ላይ አፍጥጠህ የፊደል ግድፈት ስትለቅም ብትውል ዓይንህ ይደክማል።

ክፍልህ መስኮት ካለውና ጠረጴዛህ ወደሱ ከቀረበ አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ኪውዲ-ኦሌድ ሌሎች ሞኒተሮች ፊታቸው ላይ ያላቸው ፖላራይዘር የሚባል ንብርብር የለውም። የቀን ብርሃን ሲያርፍበት ያ የተወራለት ጥቁር ወደ ግራጫ ሐምራዊነት ይሳባል። ማታ ይመለሳል፤ ቀን ግን የከፈልክበትን ነገር አታየውም።

አሁን ወደ ካርድህ። የያዝከው 24 ኢንች 1920 በ1080 ነው፤ 2,073,600 ፒክሰል ማለት ነው። የምታስመጣው፣ ውዱም ይሁን ርካሹ፣ 3440 በ1440 ነው፤ 4,953,600 ፒክሰል። አርቲኤክስ 3060 በየፍሬሙ (በእያንዳንዱ ምስል) የሚስለው ወደ 2.4 እጥፍ ያድጋል። ፍሬምህ በዚያው ልክ ባይወርድም መውረዱ አይቀርም፤ ፎርዛ ላይ አንዳንድ ሴቲንጎችን ዝቅ ማድረግ፣ ፍሬም የሚጨምረውን የኤንቪዲያ ዘዴ ዲኤልኤስኤስን ማብራት ያስፈልግሃል። ኤሊየንዌሩ 165 ኸርዝ ነው (በሰከንድ 165 ጊዜ ምስል ይቀይራል)፣ ከዚያም በላይ የሚሄድ ሞዴል አለው፤ ርካሹ 144 ነው። ካርድህ በሰከንድ 70 ወይም 80 ፍሬም እየሰጠ በ165 እና በ144 መካከል ያለው ልዩነት የወረቀት ልዩነት ብቻ ነው። ውዱ ማያ የሚያምርበት ካርዱ ሲመግበው ነው፤ ያንተ ካርድ ደግሞ የርካሹንም ሆድ ገና አይሞላም።

ስለዚህ ርካሹ ምን ይሰጥሃል? ስፋቱ ያው ነው፤ ጎኑ ወደ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ቁመቱ የ27 ኢንች ሞኒተር ያህል። ፒክሰሉ ያው ነው። ታይምላይንህ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ይዘረጋል፤ ሰብታይትል የምትጽፍበትን መስኮት ከቪዲዮው ጎን አስቀምጠህ ሳትቀያይር ትሠራለህ። ዩሮ ትራክ ላይ የጎን መስታወቶችህ ዓይንህ ውስጥ ይገባሉ፤ ይህን ጌም አንድ ጊዜ በአልትራዋይድ የነዳ ሰው የሚወደው ለዚህ ነው። የቪኤ ፓነል ንጽጽርም (በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ልዩነት) ወደ 3000 ለ1 ይጠጋል፤ አይፒኤስ የሚባለው ሌላው የፓነል ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ 1000 ለ1 ነው። ስለዚህ ከኦሌድ ባይደርስም ሌሊት ስትጫወት ጥቁሩ ከአይፒኤስ ይሻላል።

ጉድለቱን ግን ልደብቅህ አልፈልግም፤ ትቆጫለህ አትቆጭም የሚለው የሚወሰነው እዚህ ላይ ነውና። የቪኤ ትልቁ ችግር ከጥቁር ወደ ጥቁር ግራጫ ሲቀየር መዘግየቱ ነው። በ144 ኸርዝ አንድ ፍሬም ማያው ላይ የሚቆየው 7 ሚሊሰከንድ ያህል ነው፤ በርካሽ ቪኤ ላይ የጨለማ ቀለሞች ለውጥ ከ20 ሚሊሰከንድ በላይ ሊወስድ ይችላል። ማለትም አዲሱ ፍሬም ደርሶ አሮጌው ገና አልለቀቀም። ዩሮ ትራክ ላይ ሌሊት በደን መካከል ስትነዳ የዛፎቹ ግንድ ከኋላው ጥቁር ቅባት የተቀባ መስሎ ይሳባል። በዊንዶውስ ጥቁር ገጽ ላይ ግራጫ ጽሑፍ ወደ ላይና ወደ ታች ስታንሸራትት ደግሞ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ሞኒተሩን ለመፈተሽም ከዚህ የሚቀል መንገድ የለም። ቀን ላይ፣ ብሩህ በሆነ ትዕይንት ውስጥ ይህ ችግር አይታይም ማለት ይቻላል። ፎርዛ ሆራይዘን 5 ሜክሲኮ ውስጥ፣ ፀሐይ ላይ ነው የሚበዛው። ጌሞችህ በአብዛኛው ከዚህ ችግር ጋር ይስማማሉ። የምትጫወተው ቀኑን ሙሉ በጨለማ ዋሻ ውስጥ የሚሮጥ የአስፈሪ ጌም ዓይነት ቢሆን ምክሬ ይለወጥ ነበር።

ካርቶኑ ላይ በትልቁ «1 ሚሊሰከንድ» ተጽፎ ታገኛለህ። አትመነው፤ ያ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው የጀርባ መብራቱን እያርገበገቡ እንጂ ፓነሉ ቀለም በሚቀይርበት ፍጥነት አይደለም። ብሩህና ጨለማን አጉልቶ ያሳያል የሚባልለትን «ኤችዲአር 400»ንም ለምርጫህ አትቁጠረው፤ መብራቱን በክፍል በክፍል የማያደበዝዝ ሞኒተር ላይ ኤችዲአር ስታበራ ምስሉ ይገረጣል እንጂ አያምርም። አጥፍተህ ተጠቀም።

ከርካሾቹ መካከል አንድ ወጥመድ አለ፤ እሱን በደንብ አስተውል። 34 ኢንች የሚል፣ ከርቭድ የሚል፣ ዋጋውም ይበልጥ የወረደ ሞኒተር ታገኝና ዝርዝሩ ውስጥ ስትገባ 2560 በ1080 ይላል። ይህ ያንተ የ24 ኢንች ሞኒተር ፒክሰል ትንሽ ተጨምሮበት በትልቅ ማያ ላይ የተወጠረ ነው። በአንድ ኢንች ውስጥ 82 ያህል ፒክሰል ብቻ ይኖረዋል፤ 3440 በ1440 ግን 110 ያህል። ፊደል የሚያነብ ሰው ይህን ልዩነት ከመጀመሪያዋ ደቂቃ ጀምሮ ያየዋል። ለእህትህ የምትልክላት ሊንክ ላይ 3440 በ1440 የሚለውን በዓይንህ ሳታይ አትላክ። ቀጥሎ ማቆሚያው ከፍና ዝቅ እንደሚል እይ፤ ካልሆነ ስምንት ሰዓት አንገትህን ደፍተህ ልትውል ነው። ከኋላው 100 በ100 የቬሳ (የማንጠልጠያ) ቀዳዳ ካለው ደግሞ ኋላ ክንድ ገዝተህ መስቀል ትችላለህ። ጎበጥ ያለበት መጠን 1500አር ቢሆን ለጠረጴዛ ጥሩ ነው፤ ቪኤ ከጎን ሲያዩት ቀለሙ ስለሚገረጣ ጫፎቹ ወደ አንተ መዞራቸው ይጠቅማል።

ስለ ቀለም ትጠይቀኝ ይሆናል፤ ኤዲተር ነህና። ኦሌዱ በቀለም ስፋት ይበልጣል፣ አያከራክርም። ያንተን ቪዲዮ የሚያይ ሰው ግን አብዛኛው በስልኩ ነው የሚያየው፤ ለዩቲዩብ ኤስአርጂቢ የሚባለውን የተለመደ የቀለም ክልል በደንብ የሚሸፍን ማያ ይበቃሃል። ብዙዎቹ አዳዲስ ቪኤዎች ከዚያ ስለሚያልፉ ሜኑው ውስጥ ኤስአርጂቢ የሚል ሞድ ካለ ለሥራ እሱን አብራ፤ አለበለዚያ ፊት ሁሉ የቀላ መስሎህ ቀለም ትቀንስና ተመልካቹ ጋ ሲደርስ የገረጣ ይሆናል።

ጉዞው ላይ ጠንቀቅ በል። ርካሽ መግዛትህ የሚያዋጣህ ሞኒተሩ በደህና ከደረሰ ነው። አብዛኞቹ አየር መንገዶች፣ የእኛንም ጨምሮ፣ ለአንድ ሻንጣ የሚፈቅዱት ርዝመቱ፣ ስፋቱና ቁመቱ ተደምሮ 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ፓነሉ ብቻውን 80 ሴንቲ ሜትር ለሆነና ለጎበጠ ሞኒተር ሣጥኑ በቀላሉ ከዚያ ያልፋል። ክብደቱ ከ23 ኪሎ በታች ስለሚሆን አያስጨንቅም፤ የሚያስጨንቀው መጠኑ ነው። እህትህ የሣጥኑን ልክ ከሻጩ ገጽ ላይ አንብባ፣ ለትርፍ መጠን ምን ያህል እንደሚያስከፍሏት አየር መንገዱን አስቀድማ ትጠይቅ። ደረሰኙን ከፓስፖርቷ ጋር ትያዝ፤ ስለ ቀረጡም ከመነሳቷ በፊት እዚሁ ጠይቀህ ንገራት እንጂ ቦሌ ስትደርስ ድንገተኛ አይሁንባት። ሣጥኑን ለመቀነስ ብሎ ማያውን አውጥቶ በብርድ ልብስ መጠቅለል ፈጽሞ አይሞከርም፤ የጎበጠ ማያ መሃሉ ላይ ትንሽ ጫና ሲያርፍበት ይሰነጠቃል።

ከሁሉ በፊት ግን እዚያው ይፈተሽ። እንዲህ ብለህ ጻፍላት፤ እንዳለ መላክ ትችላለህ፦

«እህቴ፣ ሞኒተሩ ሲደርስሽ እባክሽ የመመለሻው ቀን ሳያልፍ አንድ ጊዜ ክፈቺልኝ። ላፕቶፕሽ ላይ በኤችዲኤምአይ ሰክተሽ ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ቀይ፣ ሙሉ አረንጓዴ፣ ሙሉ ሰማያዊና ሙሉ ጥቁር ምስል ተራ በተራ ሙሉ ማያው ላይ አሳዪልኝ። የማይቀየር ነጥብ ካየሽ ወይም መሃሉ ላይ መስመር ካለ ፎቶ አንሺና ላኪልኝ፣ እንመልሰዋለን። ደህና ከሆነ ፎሙን ሳትጥዪ በራሱ ሣጥን እንደነበረ መልሽው።»

ይህ ግማሽ ሰዓት አይፈጅባትም። ሳይፈተሽ መጥቶ እዚህ ነጥብ የሞተበት ሆኖ ቢገኝ ግን የምትመልስበት መንገድ የለህም፤ ለ300 ዶላሩም ለ800ውም ያው ነው።

ሲደርስህ የአሜሪካው ሶኬት እዚህ አይገባም፤ ገመዱን ብቻ በተራው የኮምፒውተር ገመድ ቀይር። ከዚያ በፊት ግን ከሞኒተሩ ጀርባ ወይም አዳፕተር ካለው አዳፕተሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መጻፉን አረጋግጥ፤ አብዛኞቹ ይላሉ። ኤቪአር (ቮልቴጅ ማስተካከያ) ያለው ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ደቂቃ የሚይዝ ባትሪ) ከሌለህ እህትህ ከምታወጣው በተረፈው ገንዘብ እዚሁ ግዛ። ሞኒተር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ መብራት መሄዱ ሳይሆን ሲመለስ ይዞት የሚመጣው ግፊት ነው፤ ዩፒኤስ ደግሞ ኤዲት እያደረግህ ሳለህ ፋይልህን ሴቭ የምታደርግበት ደቂቃ ይሰጥሃል።

አገጣጠሙ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቦታ አለች። በኤችዲኤምአይ ከሰካኸው፣ የዚህ ዋጋ ሞኒተሮች ብዙ ጊዜ ኤችዲኤምአይ 2.0 ስለሆኑ በዚህ ሪዞሉሽን 100 ኸርዝ ላይ ይቆማሉ። በዲስፕሌይፖርት ስካው። ከዚያም የዊንዶውስ ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ ገብተህ 144 መርጠህ አጽድቅ፤ ካላደረግህ 60 ላይ ሊቀመጥብህ ይችላል፣ አንተም «ምን ተለወጠ?» ብለህ ታዝናለህ። የፓነሉን የቀለም ለውጥ የሚያፈጥነውን ኦቨርድራይቭ የሚለውን መካከለኛው ላይ አድርገው፤ ከፍተኛው ላይ ስታደርገው ጥቁሩ ጥላ ጠፍቶ በምትኩ ነጭ ጥላ ይመጣል። የማያውን ፍጥነት ከካርዱ ፍሬም ጋር የሚያስማማውን ፍሪሲንክን አብራው፤ እንዳንተ ዓይነት የኤንቪዲያ ካርድም ከ2019 ጀምሮ በእነዚህ ሞኒተሮች ላይ ይሠራል። ቪኤ ላይ ፍሪሲንክ በርቶ ፍሬሙ ከፍና ዝቅ ሲል ማያው ሊርገበገብ ይችላል፣ በተለይ ጌሙ ሎድ ሲያደርግ። የፍሬሙን ጣሪያ ካርድህ ሳይቸገር የሚሰጠው ላይ፣ ለምሳሌ 75 ላይ ብታስረው በአብዛኛው ይረጋጋል።

ስለ እህትህ የጻፍከውን አልዘለልኩትም። «የምትፈልገውን ምረጥ» ማለቷ ከልቧ ነው፤ አንተም ዝቅ ያለውን የመረጥከው አዝነህላት እንደሆነ ከመሰላት ትከፋለች፣ ምናልባትም ሳትነግርህ ውዱን ገዝታ ትመጣለች። ስለዚህ ምክንያቱን ንገራት፦ ዋስትናው እዚህ እንደማይሠራ፣ ጽሑፍ ለሚያይ ሰው እንደማይመች፣ ካርዴም አይችለውም በላት። እውነት ነውና በቀላሉ ታምንሃለች። ከዚያም ሌላ ጊዜ፣ በራስህ ገንዘብም ይሁን በእሷ ስጦታ፣ የልዩነቱን ያህል ብር ብታገኝ ካርድ ላይ አውለው። አርቲኤክስ 5060 ቲአይ ባለ 16 ጊጋ በ2025 ሲወጣ ዋጋው 429 ዶላር ነበር፤ የሚፈልገው ኃይል 180 ዋት ነው፣ ያንተ 3060 ደግሞ 170። ስለዚህ ፓወር ሰፕላይ መቀየር ላያስፈልግህ ይችላል። ባለ 8 ጊጋውን አትውሰድ፤ አሁን ያለህ 12 ስለሆነ ለኤዲቲንግ ወደ ኋላ መመለስ ይሆንብሃል። ካርድ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ውስጥ ይገባል፤ ከሞኒተር ጋር ሲነጻጸር ለመንገደኛ ሸክም አይባልም። ያኔ ይህ ርካሹ ሞኒተርህ 144ቱን ይጠጋል፤ አንተም የምታየው ለውጥ ዛሬ ኦሌድ ብትገዛ ከምታየው የሚያንስ አይመስለኝም።



ስለ ቫሎራንትም አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ጌም የአልትራዋይድን 21 በ9 ቅርጽ አይደግፍም፤ ውዱንም ብታስመጣ ተጨማሪ ሜዳ አያሳይህም። ስለዚህ የድሮውን 24 ኢንች አትሽጠው፣ ለማንም አትስጠው። ከአዲሱ ጎን አቁመው፤ ቀን ላይ የደንበኞችህን መልእክት ይያዝልህ፣ ቅዳሜና እሁድ ቫሎራንትን እሱ ላይ ክፈት።